የሽፋናችን ዘፋኝ

የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ርዕስ ይዘን አማካሪያችን ቢሮ የገባን ዕለት ሮቤ ላይ ደመናው ወርዶ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን፣ የመጨረሻ ዓመት። ፕሮጀክቱ የሚሠራው ለሁለት ነው። ከእኔ ጋር የተመደበው ከገሰራ የመጣ የገበሬ ልጅ ነበር፤ ንግግር የማይወድ፣ እጁ ግን ለፊደልና ለቀለም የተፈጠረ። ግቢ ውስጥ ቆንጆ ማስታወቂያ ከተለጠፈ የእሱ ሥራ ነው።

አማካሪያችን ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ፣ የባሌን ብርድ እስከ መጨረሻው ያልለመዱት ሰው ነበሩ። ቢሮ ውስጥም ጃኬታቸውን አያወልቁም። ወረቀታችንን አንብበው ቀና አሉ።

«የፖፕ ሙዚቃ መጽሔት?» አሉ። «ለማን?»

«ለወጣቱ፣ መምህር» አልኩ።

«ለየትኛው ወጣት? እዚህ አገር የሚጻፍበት ነገር ጠፍቶ ነው? ስንዴ አለ፣ ጤና አለ፣ ፓርኩ አለ።»

ጓደኛዬ፣ ያ የማይናገረው ልጅ፣ «መምህር፣ ስንዴውም እኮ የሚታጨደው ሙዚቃ እየተሰማ ነው። ኮምባይነር ነጂዎቹን ይጠይቋቸው» አለ።

ሳይፈልጉ ሳቁ። «እሺ ሥሩት» አሉ። «ግን ቁም ነገር ይኑረው። ፈታኞቹ ፊት እንዳታዋርዱኝ።»

ከቢሯቸው ስንወጣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። እየሮጥን ካፌው ድረስ ሄድን፤ እርጥብ እንዳለን ተቀምጠን የመጽሔቱን ስም ስንፈልግ ዋልን። «ጅብራ» ያለው እሱ ነው። ሳነቴ ተራራ ላይ ሌላው ተክል ሁሉ መሬት ለመሬት ሲሸሽ ብቻውን ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጅብራ። ወዲያው በስክሪብቶ ጫረው፤ «ጅ»ን ረጅምና ቀጭን፣ ሌሎቹን አጠር አድርጎ። እስከ መጨረሻው ያንን አልቀየርነውም።

ይህ ሥራ ለእኔ ከውጤት በላይ ነበር። ያደግሁት ጎባ ነው። አባቴ በመምህርነት ከሰሜን መጥቶ እዚያው ቀረ፤ ቤታችን ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጡ የቆዩ መጽሔቶች ነበሩት፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ። እነሱን እያገላበጥኩ ነው ማንበብ የለመድኩት። እነሱ ላይ የሚወጡት ዘፋኞች ሁሉ ጉም በሌለበት አገር የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር። እኛ ከተማ የሚዘፍን ሰው መጽሔት ላይ ሊወጣ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን መጽሔቱን የምሠራው ራሴ ነኝ፤ ማን ሽፋን ላይ እንደሚወጣ የምወስነውም እኔ ነኝ። ይህ ሐሳብ ያሰክረኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ሽፋኑ ላይ ማን እንደሚወጣ አልተከራከርንም። ጎባ ውስጥ ቀን ቀን ፀጉር ቤት ሹሩባ የምትሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ ሮቤ አንድ ሆቴል ውስጥ በኪቦርድ የምትዘፍን ልጅ ነበረች። ከእኛ ብዙም አትበልጥም። አንድ ነጠላ ዜማ አስቀርፃ ነበር፣ ግማሹ አማርኛ ግማሹ ኦሮምኛ። ቴሌቪዥን ላይ አልታየም፣ ግን ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ከሮቤ እስከ ጎባ የሚመላለሰው ታክሲ ሁሉ ያጫውተው ነበር። የጥር ሠርግ ያለሷ አይደምቅም ይባል ነበር።

ፀጉር ቤቱ ስንገባ የአንዲት ሴት ፀጉር ይዛ ነበር። አንገቷ ላይ ወፍራም ሻርፕ ጠምጥማለች። የመጣንበትን ነገርኳት።

«መጽሔት? የምር የሚታተም?» አለች እጇን ሳታቆም።

«ለጊዜው ለትምህርት ነው» አልኩ። «ሰው ከወደደው ግን እንቀጥላለን ብለናል።»

«እሺ፣ ቤት ኑ። እናቴም ትስማ።»

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። እናቷ ጆሯቸው ከብዷል። ስንገባ ብድግ ብለው «ኮታ፣ ተኣ»፣ ኑ ተቀመጡ፣ እያሉ መቀመጫ ሰጡን፤ ከዚያ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ማን እንደሆንን ጠየቁ። እኔ የምመልሰውን አልሰሙም። ልጃቸው ግን ከጓዳ ሆና አንድ ጊዜ ስትናገር ሰሟት። ያን ቀን ነው ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ የገባኝ። ከልጅነቷ ጀምራ እናቷ እንዲሰሟት ስትናገር ነው የኖረችው። ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ የሚያወጣውን ድምፅ እሷ ሳትጨነቅ ታወጣዋለች።

ቃለ መጠይቁ ረጅም ነበር። መዝፈን የጀመረችው ሰንበት ትምህርት ቤት ከመዘምራን ጋር እንደሆነ፣ ዓለማዊ ዘፈን ስትጀምር ሰፈሩ እንዴት ፊቱን እንዳዞረባት፣ እናቷ ግን «የምሰማው አንቺን ብቻ ነው፣ የፈለግሽውን ዝፈኚ» እንዳሏት ነገረችን። ስትጨርስ ሻርፗን ፈታችው። እንቅርት ነበረባት። ከፊት ለፊት የእንቁላል ያህል ወጥቷል። እኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ እሷ ላይ ግን አላየሁም ነበር፣ መድረክ ላይም ሁልጊዜ አንገቷ የተሸፈነ ነው።

ጓደኛዬ እያየ፣ «ግድ የለም፣ ፎቶው ላይ ይጠፋል። በስልክም ላጠፋው እችላለሁ» አላት። ሊያጽናናት ነው።

«እንዳትነካው» አለችው። «በፎቶው የሌለ ነገር አንገቴ ላይ ይዤ ሠርግ ላይ ስቆም ሰው ምን ይለኛል? ወይ እንዳለሁ አውጡኝ፣ ወይ ተዉኝ።»

ፎቶውን ያነሳናት ከጎባ በላይ፣ ወደ ሳነቴ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ቀጭን ቀይ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሻርፑን አውልቃ ለእኔ አስያዘችኝ። በብርድ ከንፈሯ ጠቁሮ ፈገግ ማለት አቃታት። ጓደኛዬ የተዋሰውን ካሜራ ይዞ «ትንሽ ፈገግ፣ ትንሽ» እያለ ሲለምን፣ «ተወኝ፣ ልሙቅ መጀመሪያ» አለችና መዝፈን ጀመረች። ለእኛ አልነበረም። ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ፣ እጆቿን ብብቷ ሥር ደብቃ። በመንገዱ የሚያልፍ እንጨት የጫነ አህያ የሚነዳ ሰውዬ ቆሞ ሰማ። ጓደኛዬ ያነሳት ያኔ ነው፤ አፏ ግማሽ ተከፍቶ፣ አንገቷ ተወጥሮ፣ እንቅርቱም እንዳለ። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ ያለ ፎቶ አላነሳም።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። የኮምፒውተር ክፍሉ መብራት ሲኖር ሰው ይሞላዋል፣ ሰው ሳይኖር መብራት የለም። አብዛኛውን ገጽ ጓደኛዬ በስልኩ ሠርቶ ወደ ኮምፒውተር የሚያሻግረው ነበር። መጽሔቱ በሁለት ቋንቋ እንዲሆን ወስነናል፤ አማርኛው በግራ፣ ኦሮምኛው በቀኝ። ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። አንድ ዓይነት ሐሳብ በሁለቱ ሲጻፍ ግን አማርኛው ከገጹ ግማሽ ላይ ያልቃል፣ በላቲን የተጻፈው ኦሮምኛ ተርፎ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ በዚህ እንጣላለን።

«ኦሮምኛውን እናሳጥረው» እለዋለሁ።

«አማርኛውን ለምን አታስረዝሚውም?»

«ውሸት ልጨምርበት?»

በመጨረሻ የአማርኛውን ፊደል አተለቀና በመስመሮቹ መካከል አየር ሰጠው፤ ሁለቱ ዓምዶች እኩል ወርደው እኩል ቆሙ። ያን ዕለት ስክሪኑን እያየሁ አለቀስኩ። ስለ ሁለት ዓምድ ማልቀስ ሞኝነት ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ በሥራዬ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

በመካከሉ እሷ መታመሟን ሰማን። እንቅርቱ ወደ ውስጥ እያደገ ነበር። መጀመሪያ ስትተኛ ያፍናት ጀመር፣ ቀጥሎ ደረጃ ስትወጣ፣ በኋላ መድረክ ላይ ረጅሙን ማሳረጊያ ሳትጨርሰው ትንፋሿ ማለቅ ጀመረ። አዲስ አበባ ሄዳ ታየች። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ተባለ። ሐኪሙ ሳይደብቅ፣ ድምፅ የሚያወጣው ነርቭ እዚያው አጠገብ እንደሚያልፍና ሊጎዳ እንደሚችል ነገራት። ከመሄዷ በፊት ፀጉር ቤት ገብቼ አገኘኋት።

«ፈራሽ?» አልኳት።

«ካልተነፈስኩ በምን እዘፍናለሁ?» አለች። ቀጥላም፣ «መጽሔቱ መች ነው የሚያልቀው? አይቼው ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር።»

አላለቀም። ሳታየው ሄደች።

ቀዶ ጥገናው ሕይወቷን አተረፈ። ማንም አላጠፋም፤ ሐኪሞቹ አስቸጋሪ እንደነበረ፣ እብጠቱ ነርቩን ጠምጥሞት እንዳገኙት ነግረዋታል። ተመልሳ ስትመጣ ልጠይቃት ሄድኩ። አንገቷ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል፣ ያማረ አንገት። «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ስላት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን አየር ነው። ከአጠገቧ ካልተቀመጥኩ አይሰማም።

«ወራት ሊፈጅ ይችላል ብለውኛል» አለች በዚያ አየር። «ይመለሳል።»

እናቷ ከወዲያ ማዶ ተቀምጠው አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያሉ። «ማል ጄቴ?» አሉ፤ ምን አለች ማለታቸው ነው። ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ግቢ ተመልሼ ለጓደኛዬ ስነግረው የተከፈተውን ገጽ ዘጋውና ወጣ። ቀኑን ሙሉ አላየሁትም። በማግስቱ አማካሪያችን ጋ ሄድን። መጽሔቱ እንዳለቀ ነገርናቸው፤ ቀጥሎ በሽፋኑ ላይ ያለችው ልጅ የደረሰባትን ነገርን። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበራቸውን ወደ እኛ ሳብ አደረጉ።

«አሁን ገና ታሪክ ሆነ!» አሉ። «ይሄ የጤና ጉዳይ ነው። ይሄ ቁም ነገር ነው። ሽፋኑን ቀይሩት፤ ድምፅዋን ያጣችው ዘፋኝ በሉት። እንደገና ቃለ መጠይቅ አድርጉላት፣ ጠባሳውን አንሱት። ፈታኞቹ ይሄንን ነው የሚወዱት።»

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም በእርግጥ ያዘኑላት ይመስለኛል። ለጋዜጠኛ እሳቸው ያሉት ትክክል ነበር። እንዲያስተምሩን የተቀጠሩትም ይህንኑ ነው። እሷን ሳንጠይቅ እንደማንቀይር ነግረናቸው ወጣን፤ ከዚያ ሁለታችንም ጎባ ወጣን።

የመጣንበትን ነገርናት። ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «እኔ ቃሌን የሰጠኋችሁ ዘፋኝ ሆኜ ነው» አለችኝ። «የበሽተኛ ቃል ከፈለጋችሁ ሆስፒታሉ ሞልቷል።»

ጓደኛዬ «አንቀይረውም» አለ።

አልቀየርነውም። ፈታኞቹ ፊት ስንቆም አንደኛው ስለ ቀለም ምርጫ ጠየቀ፣ ሌላኛው ስለ ማስታወቂያ ገቢ። ሁለቱን ዓምዶች ያየ አልነበረም። አማካሪያችን ተናድደው ነበርና አንድም ቃል ሳይናገሩ ተቀመጡ። መጨረሻ ላይ አንዲት ፈታኝ ሽፋኑን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «ይቺን ልጅ የት ነው የምንሰማት?» አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ደህና የሚባል ውጤት አገኘን።

በጥሩ ወረቀት ያሳተምነው ለፈተናው የቀረበውንና ለእሷ የሚሆነውን ብቻ ነው። የእሷን ይዤ የሄድኩት ብቻዬን ነበር፤ ጓደኛዬ ገሰራ አባቱን ሊያግዝ ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ነው። እናትና ልጅ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሽፋኑን ስታይ ጣቷን ፎቶው ላይ፣ አንገቷ ላይ አሳረፈች። ገጾቹን ቀስ ብላ ገለጠች። የራሷ ቃለ መጠይቅ ጋ ስትደርስ እናቷ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ማንበብ አይችሉም።

«አንብቢልኝ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው።

ልታነብላቸው ብትጀምር አልሰሟትም። ወደ ጆሯቸው ተጠጋች፣ ደግማ ሞከረች። ደም ሥሯ ተገትሮ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሞከረች። እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መጽሔቱን ወደ እኔ ገፋችው።

እኔ አነበብኩ። የኦሮምኛውን ዓምድ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮክ ብዬ። የተጻፈው በእሷ አንደበት ነው። «እዘፍናለሁ» ይላል። «ስዘፍን አይበርደኝም» ይላል። «እናቴ በዚህ ዓለም የምትሰማው የእኔን ድምፅ ነው፣ እሷ እስካለች አላቆምም» ይላል። እዚህ ስደርስ መዝለል ፈለግሁ፤ ግን እሷ ዓምዱን በዓይኗ እየተከተለች ነበር፣ ብዘል ታውቃለች። አነበብኩት። እናቷ ፈገግ ብለው ያዳምጣሉ። የልጃቸው ቃል መሆኑን ያውቃሉ፤ ድምፁ የእኔ መሆኑንም ያውቃሉ። ስጨርስ «ገለቶሚ»፣ ተመስገኚ፣ ብለው መረቁኝ። እሷ ቀድማ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። ስወጣ ተመልሳ አልመጣችም፤ እኔም አልጠራኋትም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ድምፅዋ አልተመለሰም። ሁለተኛ ታይታ ነበር፤ ከዚህ በላይ የሚሠራ የለም አሏት። ሆቴሉ ሌላ ዘፋኝ ቀጠረ። ፀጉር ቤቱን አልተወችም፣ ደንበኞቿ ግን ጨዋታ ለምደው ነበርና ዝምታዋን ሲሸሹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሄዱ። ጥር ሲመጣ፣ የሠርጉ ድምፅ ማጉያ በየሰፈሩ ሲጮህ፣ ራቅ ብላ ብድሬ ከተማ ያለው አጎቷ ዘንድ ትሄዳለች። እዚያም ሠርግ አለ። ግን ዘፋኝ እንደነበረች የሚያውቅ የለም፣ «እስቲ አንድ በይልን» የሚላት የለም። መጀመሪያ ለሠርጉ ወር ብቻ ነበር፤ በኋላ ፋሲካም እዚያው ያልፍ ጀመር።

ጓደኛዬ በተመረቀበት ሥራ አልተቀጠረም። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ሞክሮ ነበር። መጽሔቶቹ እየተዘጉ ነው፣ ያሉትም ሰው ይቀንሳሉ። አሁን ገሰራ ነው። አልፎ አልፎ የሱቅ ታፔላ ይጽፋል። አንዴ ደውዬለት፣ «ጅብራን እንደገና ብንጀምረው፣ በስልክ የሚነበብ እንኳ ቢሆን?» አልኩት። «ማንን እናወጣለን?» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም። እኔም ከዚያ በኋላ አላነሳሁትም።

እኔ ሮቤ አንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። የስብሰባ ፎቶ አነሳለሁ፣ የሪፖርት መጽሔት አዘጋጃለሁ። ፎንቱም፣ ቀለሙም፣ የኃላፊው ፎቶ የሚወጣበት ቦታም የተወሰነ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ያኔ ምን ነበር ያሰብነው እላለሁ። ሰው መጽሔት ላይ ሲወጣ አንድ ነገር የሚጀምርለት ይመስለኝ ነበር። ለእሷ የጀመረላት ነገር የለም። የቻልነው ማለቂያውን ማሳመር ነበር፣ ያንንም ሳናውቅ ነው ያደረግነው። ይህ ሊያጽናናኝ ይገባል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ «ቢያንስ ፎቶው ቀረ» ይሉኛል። ፎቶ አይሰማም።

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ጎባ ወጥቼ ቤታቸው ጎራ አልኩ። እናቷ ብቻቸውን ነበሩ፤ በጣም አርጅተዋል። ልጃቸው ብድሬ ነው ያለችው፣ አንድ ዓመት አልፏታል። መች እንደምትመጣ እየጮህኩ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ አያውቁም። መጽሔቱን ስፈልገው በመደርደሪያው ላይ የለም። ወስዳው ይሁን ጥላው አልጠየቅሁም። ሻይ አፈሉልኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠጣን። ውጭ ጉሙ እየወረደ ነበርና ታክሲ ሳይጠፋ ተነሥቼ ወደ ሮቤ ወረድኩ።